እቴጌ ምንትዋብና ቁስቋም

ተማሪዎች! ወደ ጎንደር ብትሄዱ በቅድሚያ የምትጎበኙት የፋሲልን ግንብ መሆኑ አይቀርም። የከተማይቱን ታሪክ በውል ለመረዳት የምትሹ ከሆነ ግን ከግቢው ወጥታችሁ፣ የቀሃን ወንዝ ተሻግራችሁ፣ ወደ ደብረ ፀሐይ ኮረብታ ውጡ። በዚያ የምታዩት የፈራረሰ ግንብ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ነው። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ሲሆኑ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው ሲጓዙ በቋራ ታመው ሳለ ያስታመመቻቸውን ልጃገረድ አገቡ እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ ከተረት ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰል በጥንቃቄ ልትቀበሉት ይገባል። የማያጠራጥረው ግን በካፋ በ1730 ሲሞቱ ሕፃኑ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ መንገሡና እናቲቱም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ዘውድ መጫናቸው ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አገሪቱን ያስተዳድሩ የነበሩት እርሳቸው ናቸው።

ቁስቋምን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አድርገው አሠሩት። ስሙ የተወሰደው ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት የግብጽ ስፍራ ነው። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የሚገኘውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት ምንትዋብ ሲሆኑ፣ በግድግዳው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የግንበኞቹን ሥዕል ግን በዚያ አታገኙም። በጎንደር ግንቦች ሥራ ብዙ የደከሙት የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ። ከከተማው በስተሰሜን የምትገኘው ወለቃ፣ ነዋሪዎቿ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች።

ኢያሱ በ1755 ሞቱና የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ። ያን ጊዜ የምንትዋብ የቋራ ዘመዶችና የንጉሡ እናት የውቢት ወገኖች ለሥልጣን ተፋጠጡ። ልጁ ንጉሥ ለአንዱ ሲያደላ ሌላው ይከፋ ነበር። በዚህ መካከል የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ጦራቸውን ይዘው ጎንደር ገቡ፤ ጠቡንም በማብረድ ፈንታ ሥልጣኑን ለራሳቸው ያዙት። በ1769 ኢዮአስ በእርሳቸው ትእዛዝ ተገደሉ። ባልንና ልጅን ቀብሮ የልጅ ልጅን ደግሞ እንዲህ ማጣት ለአንዲት አሮጊት ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው ገምቱ።

በ1770 የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ ቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶበት ነበር። ሕሙማኑን ስላከመ በእቴጌይቱ ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ በግቢያቸውም ማረፊያ ተሰጠው።

ምንትዋብ በ1773 ዐረፉ። በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም አብሮ ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደገና ተሠራ። በዚያ ለጎብኚ የሚታየው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለው አፅም የምንትዋብ፣ የኢያሱና የኢዮአስ ነው ይባላል።