የወይዘሮ አትጠገብ ልጅ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በመተማ በኩል፥ በዚያ ዘመን ሱቅ አቡ ሲን ትባል ወደ ነበረችው ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው የነጋዴ መንገድ፥ የቋራን ቆላ በግራው ትቶ ያልፋል። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚሁ በቋራ ነው። የልጅነት ስማቸው ካሣ፥ አባታቸው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፥ እናታቸውም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድ በወሰን ይባላሉ።

ወይዘሮ አትጠገብ ከባለቤታቸው ከተለዩ በኋላ ሕፃኑን ይዘው ጎንደር ገቡ፤ እጅግ ተቸግረውም ኮሶ እየሸጡ እንዳሳደጉት ይነገራል። ይህ ሥራ በመኳንንቱ ዘንድ የተናቀ ነበር። ነገሩ ያስገርማል፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ መኰንን ሁሉ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ መጠጣቱ አይቀርም ነበርና፥ መድኃኒቱን እየፈለገ ሻጪቱን ይንቅ ነበር።

ካሣ ለትምህርት ወደ ገዳም ተሰጠ። ገዳሙ በጦር በተጠቃ ጊዜ አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ሄደ፤ እኒህም በ1829 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በሱዳን ጠረፍ ድል ያደረጉት ናቸው። ክንፉ ሲሞቱ ግዛቱ ለእቴጌ መነን ስለ ሆነ ካሣ በቋራ በረሓ ሸፈተ። በጦር ሊያሸንፉት ያቃታቸው መኳንንት በእናቱ ይሰድቡት ጀመር። ከነዚህ አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጪቱን ልጅ ይዞ ሊያመጣ ፎክሮ ዘመተ፤ ነገር ግን ራሱ ተማረከ። ካሣም ኮሶ አስበጥብጦ አጠጣው ይባላል። የስድቡ ቍስል ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ ከዚህ ቅጣት በላይ የሚያስረዳ የለም።

በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማረከ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ሱዳን ወርዶ በደባርቂ ከግብፆች ጋራ ቢዋጋ በመድፍ ተመታ፤ የመድፍ ፍቅር ከዚያ ወዲህ አልለቀቀውም። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በላኩት ደብዳቤ ንጉሡ ስለ ራሳቸው ሕይወት ጥቂት ተናገሩ። አባቶቻቸውን ነገሥታቱን አነሡ፥ እግዚአብሔር ከትቢያ እንዳነሣቸውም ገለጡ፤ እናታቸውን ግን አላነሡም። ሕይወቱን ራሱ የሚጽፍ የፈረንሳይ ደራሲ ከእናቱ መጀመር ይወዳል፤ ሩሶ እናቱ እርሱን በመውለድ እንደ ሞተች፥ ስታንዳልም በሰባት ዓመቱ እንዳጣት ጽፈዋል። ለእነርሱ እናት የኀዘን ምንጭ ናት። ለቴዎድሮስ ግን ስሟ በጠላት አፍ ገብቶ ነበርና፥ ትቢያ የሚለው ቃል እርሷንም ሸፍኖ አለፈ። ዝምታው ግን ወሬውን አላቆመውም፤ ፈረንሳዊው ቆንስል ለዣን በ1865 እ.ኤ.አ. ስለ ንጉሡ መጽሐፍ ሲያሳትም፥ የቴዎድሮስ ስም በአውሮፓ አንባቢ ዘንድ ይነገር ነበር፤ የኮሶውም ታሪክ በባሕር ማዶ መጻሕፍት ገባ።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ እቴጌ ጥሩወርቅ ትግራይ ላይ በመንገድ ዐረፉ፤ ልዑል ዓለማየሁም በሰባት ዓመቱ ያለ አባትና ያለ እናት ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።