ፍራንክ ኸርበርት፦ ከአሸዋ ክምር ልብ ወለድ ያፈለቀው ጋዜጠኛ

አሜሪካዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ፍራንክ ኸርበርት ካረፈ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ዱን የተሰኘው መጽሐፉ ግን ዛሬም ይነበባል፤ በፊልምም ይታያል። በሩቅ ዓለም ነገሥታትና ጦርነቶች የተሞላው የዚህ ታሪክ መነሻ ነፋስ የሚነዳው አሸዋና እርሱን ለመግታት የተተከለ ሣር ነበር።

ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1920 በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ ተወለደ። በጋዜጠኝነት ሲሠራ በ1957 ወደ ኦሪገን የባሕር ዳርቻ አቀና። በዚያ ነፋስ የሚገፋው የአሸዋ ክምር መንገድና ቤት ይውጥ ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባለሙያዎችም ሥሩ አሸዋን አጥብቆ የሚይዝ ሣር በመትከል ይገቱት ነበር። ኸርበርት ስለዚሁ ሥራ የጀመረው ጽሑፍ ለኅትመት ሳይበቃ ቀረ። እርሱ ግን ስለ በረሃና ስለ በረሃ ሕዝቦች ኑሮ ለዓመታት መመርመሩን ቀጠለ።

የድካሙ ፍሬ አራኪስ የተባለች ውኃ አልባ ፕላኔት ሆነች። ነዋሪዎቿ ላባቸውን አጣርተው የሚጠጡበት ልብስ ይለብሳሉ፤ የሟች ሰው ውኃ እንኳ ለማኅበረሰቡ ይመለሳል። በረሃውን በትውልዶች ቅብብሎሽ ለማልማትም ያልማሉ።

መጽሐፉን ከ20 በላይ አሳታሚዎች አልቀበልም አሉ። በመጨረሻ በ1965 ያሳተመው ቺልተን፣ በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ ድርጅት ነበር። በዓመቱ ሁጎ እና ኔቡላ የተባሉትን የዘርፉን ታላላቅ ሽልማቶች አገኘ። ደራሲው መታሰቢያነቱን የሰጠው ለደረቅ ምድር የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች ነው።

ኸርበርት ግን በረሃን ማልማትን በውዳሴ ብቻ አላለፈውም። በተከታዮቹ መጻሕፍት አራኪስ ስትለመልም፣ በደረቅ አሸዋ ብቻ የሚኖሩት ግዙፍ ትሎች ይመናመናሉ፤ ከእነርሱ የሚገኘው ውድ ቅመምም ይጠፋል። በኦሪገንም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ከአውሮፓ የመጣው ሣር ከታሰበው በላይ ተስፋፍቶ፣ ነባር ዕፅዋትንና በገላጣ አሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉ ወፎችን መኖሪያ አሳጣ። ትናንት የተተከለው ሣር ዛሬ በአንዳንድ ሥፍራዎች በባለሙያዎች እየተነቀለ ነው።

ፍራንክ ኸርበርት ስድስተኛውን የዱን መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 1986 በ65 ዓመቱ በዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ ዐረፈ። ሥራው መሬትን ለማዳን የሚነሣ ሁሉ ከተከላው ቀጥሎ ስለሚመጣው ውጤትም አስቀድሞ እንዲያስብ ያሳስባል።