መስማት የተሳነው የሮኬት አባት

ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ሰው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ይባላል። ስሙ ለአፍ ይከብዳል፤ እኔም የለመድኩት ደጋግሜ ጽፌው ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1857 ሩሲያ ውስጥ ነው። በ10 ዓመቱ ገደማ በያዘው በሽታ ምክንያት ጆሮው መስማት አቃተው። ማንበብ ያስተማረችው እናቱም 13 ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። አስተማሪ የሚናገረውን ስለማይሰማ ትምህርት ቤት መቀጠል አልቻለም።

በ16 ዓመቱ ሞስኮ ሄደ። እዚያ 3 ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት እየተመላለሰ ሒሳብና ፊዚክስ ራሱን አስተማረ። ከቤት የሚላክለትን ገንዘብ ለመጽሐፍና ለሙከራ ዕቃ ስለሚያወጣው የሚበላው ዳቦ ብቻ ነበር። በኋላ ፈተና አልፎ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። የማይሰማ አስተማሪ እኮ ነው! ሰው ሲያናግረው ራሱ የሠራውን የቆርቆሮ ጡሩንባ ጆሮው ላይ ይደግን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1903 ሮኬት ጠፈር መድረስ እንደሚችል በስሌት አሳይቶ አሳተመ። ችግሩ ነዳጅ ነው። ሩቅ ለመሄድ ብዙ ነዳጅ ያስፈልጋል፤ ነዳጁ ራሱ ግን ይከብዳል፤ እሱን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይፈለጋል። ድሮ በእኛ በጀልዴሳ በኩል ከዘይላ ሐረር ይመላለስ የነበረውን የግመል ቅፍለት አስቡት። የተጫነው ውሃ ሲያልቅ ግመሉ ይቀለዋል። የሮኬት ታንከር ግን ባዶውንም ከባድ ብረት ነው። ስለዚህ ጺዮልኮቭስኪ ሮኬቶችን እንደ ባቡር ፉርጎ መቀጣጠል፣ ነዳጁ ያለቀበትን እየቆረጡ መጣል ይቻላል አለ። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው እንደዚህ ባለ ሮኬት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ ከምድር ውጭ የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። ታሪኩ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ሳይንቲስቶች ሮኬት ሠርተው ይጓዛሉ። አስማት ምናምን የለበትም፤ ሁሉም በስሌት ነው። ክብደት በሌለበት ይንሳፈፋሉ፤ በመስታወት ቤት አትክልት ይተክላሉ፤ ተክሉም የሚበሉትንም የሚተነፍሱትንም ይሰጣቸዋል። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። የጠፈር መንገደኛ ስንቅ ብቻ ሳይሆን እርሻም ይዞ መሄድ እንዳለበት ያኔ አስቦታል!

ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1935 ሞተ። አንድም ሮኬት ጠፈር ሲደርስ አላየም። ያገሩ ልጅ ዩሪ ጋጋሪን ጠፈር የወጣው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። ከምድር በማይታየው የጨረቃ ጀርባ ላይ በጺዮልኮቭስኪ ስም የሚጠራ ትልቅ ጉድጓድ አለ።