የአናናሱ ኬሚስትና አሮጌዎቹ መኪኖች

በካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራ ያላለፈ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መስፈርቱን ካሟላ መንግሥት ወይ የማስጠገኛውን ወጪ ያግዘዋል፣ ወይ ደግሞ ገንዘብ ከፍሎት መኪናውን ያስጨፈልቃል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለመሆኑ ለአሮጌ ብረት ገንዘብ የሚከፍል መንግሥት ምን ነክቶት ነው? ነገሩን ወደ ኋላ ስንከተለው አንድ ሰው ላይ እንደርሳለን፤ ዶክተር አሪ ያን ሃገን-ስሚት። እስቲ ታሪካቸውን ባጭሩ እንመልከት። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃገን-ስሚት በ1900 በሆላንድ፣ ዩትሬክት ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1929 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1937 በሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ፓሳዴና ወደሚገኘው ካልቴክ ገቡ። ምርምራቸው ስለ ዕፅዋት ነበር። በኋላም የአናናስ ሽታና ጣዕም ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ የፍሬውን ትነት እያቀዘቀዙ ያጠራቅሙ ጀመር። ከመኪና ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም።

ሎስ አንጀለስ ግን ታፍና ነበር። በሐምሌ 1943 ዓይን የሚያቃጥል ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት ጃፓን የመርዝ ጋዝ የለቀቀች የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ቀጥሎ ጥፋቱ በአንድ ፋብሪካ ላይ ተላከከ። ፋብሪካው ሥራ ቢያቆምም ጉሙ አልጠፋም።

ሃገን-ስሚት ያንኑ የአናናስ መሣሪያቸውን አውጥተው የከተማዋን አየር አሳለፉበት። ያገኙት ነገር ሁሉንም አስገረመ። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣው ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ኦዞን ይፈጠራል። ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ሰብል የሚያደርቀው፣ ጎማ የሚሰነጥቀው ጉም የሚመጣው ከዚህ ነው። በ1952 ግኝታቸውን አሳተሙ። ማለትም ጥፋተኛው አንድ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን መሪ የጨበጠው ሁሉ ሆነ!

ይህን ማን ይወዳል? የነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚሰጡት የምርምር ተቋም ግኝቱን አጣጣለ። እንዲያውም አንድ ተመራማሪ እዚያው ካልቴክ ድረስ መጥቶ ሥራቸውን ሲያናንቅ ሰሙ። በዚህ ተናደው ሙግታቸውን ገፉበት፤ በመጨረሻም እሳቸው ልክ እንደነበሩ ታመነ።

በ1968 አገረ ገዥው ሮናልድ ሬገን የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀመንበር አደረጓቸው። አዲስ መኪና ላይ ደንብ ማውጣት አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ነበር። ዋናው ጣጣ ቀድሞ መንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ነው። ከ1966 እስከ 1970 የተሠሩ መኪኖች ጭስ መቀነሻ ይገጠምላቸው ሲባል ባለቤቶች አጉረመረሙ፤ ወጪው ከኪሳቸው ነበርና። ክርክሩ በጦፈበት በ1973 ሃገን-ስሚት ከሊቀመንበርነታቸው ተነሱ። በ1977 በሳንባ ካንሰር፣ በ76 ዓመታቸው አረፉ። ኤል ሞንቴ የነበረው የቦርዱ ቤተ ሙከራ በስማቸው ተጠርቷል።

ያልፈቱት ጥያቄ ግን ቀረ፤ ለአሮጌው መኪና ማን ይክፈል? በ1984 ካሊፎርኒያ መደበኛ የጭስ ምርመራ ጀመረች። በ1990 ዩኖካል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከ1971 በፊት የተሠሩ ከ8 ሺህ በላይ መኪኖችን በ700 ዶላር እየገዛ አስጨፈለቀ። የነዳጅ ኩባንያዎች ከተሟገቷቸው ከዓመታት በኋላ አንዱ ራሱ ከፋይ ሆነ ማለት ነው! ቀጥሎ መንግሥትም ገባበት፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ የሚከፈለው ከፍ ይላል።

ይህ ነጥብ እኔን ይነካኛል። ያደግኩት በአሮጌ ላዳ ታክሲ እንጀራ በሚበላ ቤት ነው። ያቺ መኪና ታጨስ ነበር፤ እኛም የተማርነው በሷ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ትቁም ቢል አባቴ ምን ይመልስ ነበር? ሃገን-ስሚት ጭሱ ከየት እንደሚመጣ አሳዩን። ጭሱን የማጥፋቱ ዕዳ በድሃው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን የኬሚስት ሥራ አይደለም፤ የመንግሥትና የሁላችንም ነው።