ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የባንዳው ጦር

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቱም ለሥራ የሚሄድ ወጣት ሹም የጎጀብን ወንዝ ይሻገራል። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. የጎጃሙ ገዥ ራስ እምሩ በዚሁ ወንዝ አጠገብ ተከበው ከጭፍሮቻቸው ጋር እጃቸውን ለጠላት ሰጡ፤ ወደ ኢጣሊያም ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከእርሳቸው በፊት ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ግን በዚያው ሰሞን በፍቼ ለዚያው ጠላት ያገለግሉ ነበር። ዛሬ የምንተርከው የእኒህን ሰው ታሪክ ነው። ባንዳ የሚለውን ስድብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባንዳው እንዴት እንደ ተሰበሰበ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። ግብር አጥብቀው የሚሰበስቡ፣ በሀብታቸውም በመላው አገር የታወቁ ገዥ ነበሩ። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ጎበኙ። የሴት ልጃቸው ባል የነበሩት ልጅ ኢያሱ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ፍቼ ታስረው ይኖሩ ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተባለና ተፈረደባቸው። ሀብታቸው ተወረሰ፣ ራሳቸውም ታሰሩ፤ ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጂቡቲ ሲጓዙ እስረኛው ራስም በባቡሩ ነበሩ። ድሬዳዋ ላይ ቀሩ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ለጠላት ገቡ።

ወራሪው በዚያን ጊዜ የአገር ሰው በጣም ያስፈልገው ነበር። የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ባላምባራስ አበበ አረጋይ ጫካ ገብተዋል። በከተማ ካራቢኒየሪው ዛፕቲዬ የሚባሉ ተወላጆችን ከሥሩ አሰለፈ (እኛ ዘብጥያ ከምንለው ጋር ቃሉ አንድ ነው፤ ሥሩም ቱርክኛ ነው)። ከከተማ ውጪ ያለው ሥራ ግን የባንዳ ነበር። ባንዳ በኢጣሊያንኛ የጭፍራ ቡድን ማለት ነው፦ ከመደበኛው ጦር ውጪ ሆኖ፣ ጠመንጃና ደመወዝ ተቀብሎ፣ ለኢጣሊያ መኮንን ወይም ለአገሩ ባላባት የሚታዘዝ። መንገድ ይጠብቃል፤ አርበኛ ያደረበትን መንደር ይጠቁማል፤ ዋሻውንና የወንዙን መሻገሪያ ያሳያል። እንዲህ ያለው ጦር በገንዘብ ብቻ አይቆምም፤ ስም ይፈልጋል። ለገበሬው ፈረንጅን መከተልና የንጉሥን ልጅ መከተል አንድ አይደለም። ራስ ኃይሉ ለጠላት ያበደሩት ይህንኑ ስም ነው።

የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በሰላሌ ሲዋጉ ጄኔራል ትራኪያ ከበባቸው። ራስ ኃይሉ መካከል ገብተው፣ ቢገቡ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ አሳመኗቸው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሁለቱም ፍቼ ውስጥ ተገደሉ፤ ልጅ ኢያሱ ባመለጡባት፣ የራስ ኃይሉም ውድቀት በጀመረባት በዚያችው ከተማ። ራስ ኃይሉ ቃሉ እንደሚፈርስ ያውቁ ነበር ወይስ እርሳቸውም ተታለሉ? በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ለእኛ የሚከብደን ከግድያው በኋላ ያለው ነው፤ ከገዳዮቹ ጋር ከአራት ዓመት በላይ ቆይተዋልና።

ኢጣሊያኖችም አላመኗቸውም። የአባታቸውን ዘውድ ለሚመኝ ሰው ጎጃምን መመለስ ፈርተው አዲስ አበባ አስቀመጧቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገቡ ግን አማራጭ ጠፋና ወደ ደብረ ማርቆስ ላኳቸው። ራሱ በስማቸው ሰው ሰበሰቡ፤ ጎጃም ግን እርሳቸው በሌሉበት ዘመን ሌሎች መሪዎችን አፍርቶ ነበር። ከእነዚህም አንዱ በላይ ዘለቀ ነው። የሚሸሸው የኢጣሊያ ጦር ዓባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን ያልዘጋው ራስ ኃይሉ በጋብቻ አባብለውት ነው ይባላል።

መጋቢት 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ወጡ፤ ከተማው በራስ ኃይሉ እጅ ቀረ። ባንዳቸው አልተዋጋም። ከሁለት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ ራስ ኃይሉ መጥተው እጅ ነሡ። በሞት አልተቀጡም፤ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው እስኪሞቱ ድረስ በዚያው በጥበቃ ሥር ኖሩ። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ።