የዐድዋ ዘመቻ ስንቅና እቴጌ ጣይቱ ብጡል

ባለፈው ሳምንት ከማታ ጥናት በኋላ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ከዐድዋ ጀግኖች ማን ይበልጣል የሚል ነው። አንዱ ራስ አሉላን ጠራ፣ ሌላው ፊታውራሪ ገበየሁን። ከሲዳማ የመጣነው ደግሞ ባለመድፉን ባልቻ ሳፎን አነሣን። ባልቻ በኋላ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ሀገረ ሰላም ስለ ተቀመጡ በክፉም በደግም ስማቸውን ከሽማግሌዎቻችን አፍ እየሰማን ነው ያደግነው። በዚህ መካከል ከቤቱ የመጣለትን ቆሎ ሲቆረጥም የነበረ አንድ ጓደኛችን፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ምን እየበላ እንደ ተዋጋ ጠየቀን። ሁላችንም ዝም አልን። ለሁለት ዓመት ያህል ስለ ዐድዋ ስንማር ይኼ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልመጣብንም ነበር።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስንፈልግ፣ ፍለጋው ወደ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወት መራን።

እስቲ አስቀድመን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ይህንኑ ማስተማራችን አይቀርም። ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ወደ 100,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ቢበላ፣ ለአንድ ቀን 500 ኩንታል ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ የአንድ ቀኑን ቀለብ ለመሸከም 1,000 አህያ ይጠይቃል። ዘመቻው ከጥቅምት እስከ የካቲት አምስት ወር ፈጅቷል። ለ150 ቀን ከተሰላ 75,000 ኩንታል፣ 150,000 አህያ! አህያዋም ሣር ትፈልጋለች። በዚህ ላይ ስንቅ የሚሸከመው ሎሌ፣ እህል የምትፈጨው ሴት፣ ጓዝ የሚጠብቀው ልጅ አልተቆጠረም። ቁጥሩ የኛ ግምት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፤ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ዐድዋ የሚደርስ የአምስት ወር ስንቅ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።

ወደ እቴጌይቱ እንመለስ። አባታቸው ደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የተማሩ፣ በገናም የሚደረድሩ ሴት ነበሩ። ከምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ነው። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ እርሳቸውም እቴጌ ተባሉ። የአዲስ አበባ ስምና መቆርቆርም ከእርሳቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንደግመውም።

ብዙም የማይነገረው የማድቤቱ ጉዳይ ነው። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ከሁሉ በፊት ሕዝብ የሚበላበት ቤት ነበር። ግብር በተጣለ ቁጥር በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ እየገባ ይበላል። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ እያንዳንዱ አለቃና ሠራተኛ አለው። በ1880 ዓ.ም. መግቢያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲፈጸም ጣይቱ ያዘጋጁት ግብር ለቀናት የቆየና በወጡ ዓይነት ብዛት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ሰው በሥርዐት ማብላት የቻለች ሴት፣ ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚጎድል ቀድማ ብታውቅ ምን ያስደንቃል?

የጎደለውንም በዓይናቸው አይተዋል። ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ የከብት በሽታ አገሩን ጠረገው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ያ ዘመን ክፉ ቀን ተብሎ ቀረ። በሬ በማጣት ሕዝቡ በዶማ እንዲቆፍር ምኒልክ ራሳቸው መሬት እየቆፈሩ አሳዩ። ወታደሩም በገበሬው ቤት እየተመራ የተገኘውን ጠራርጎ ይበላ ስለ ነበር፣ ይህ እንዲቀርና ገበሬው በምትኩ አሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ በ1885 ዓ.ም. ግድም ታወጀ። ገበሬው ከዚያ በኋላ ተንፍሷል ብለን አንዋሽም፤ ግን የዐድዋ ስንቅ ነገር ከዚህ ይጀምራል ብንል ስሕተት አይመስለንም።

ከጣሊያን ጋር የተጣሉበት የውጫሌ ውል የ1881 ዓ.ም. ነው። ስለ 17ኛው አንቀጽ እዚህ አናትትም፤ እቴጌ ግን ከመጀመሪያው ውሉን ጠንክረው ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። የክተት አዋጁ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ተነገረ። የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲገናኝ ተቀጠረ። ቀጠሮው የተቆረጠበትን ወራት አስተውሉ። ክረምቱ አልፏል፤ ወንዝ ጎድሏል፤ ለበቅሎውና ለፈረሱ ሣር አለ፤ እየተጓዙም አዝመራው ይደርሳል። ራስ ዳርጌ አዲስ አበባን እየጠበቁ ቀሩ፤ እቴጌ ግን የራሳቸውን ጦር አስከትለው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘመቱ።

ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሽሮና በርበሬ በአቁማዳና በስልቻ ይታሰራል። አብዛኛው እሳት የማይፈልግ፣ ቶሎ የማይበላሽ ምግብ ነው። እዚህ ላይ ከኛ መካከል አንዱ የእናቱ ዋሳ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከዚህ ሁሉ የበለጠ እንደሚቆይ ካልተጻፈልኝ ብሎ አስቸገረን፤ ይኸው ጽፈናል። ከዘማቹ ኋላ ሚስቱ ወይም ገረዱ ወፍጮና ምጣድ አስጭና ትከተላለች። ሲሰፈር ወንዱ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እህል ትፈጫለች። ንጋት ላይ ደግሞ ጉዞ ነው። የቤት ስንቅ ግን የሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ የሚበላው በመንገዱ ያለው ገበሬ ያቀረበውን፣ ወይም የተነጠቀውን ነው።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የመጀመሪያው ድል ተገኘ። ቀጥሎ የመቀሌው ምሽግ መጣ። ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጓል። ግንቡ ወፍራም ነው፤ ዙሪያው በሽቦና በሹል እንጨት ታጥሯል። የኛ ሰዎች እየሮጡ ሄደው ግንቡ ሥር ረገፉ። ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ዓይን ወደ ምንጩ የዞረው። የምሽጉ ውኃ ከግንቡ ውጭ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት እቴጌ እንደ ሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የእቴጌ ወታደሮች ምንጩን ያዙ፤ ሌት ተቀን ተኩስ እየወረደባቸውም አልለቀቁም። ምሽጉ ውስጥ ውኃ በልክ መታደል ጀመረ፤ ከብቱ ተፈጀ፤ በመጨረሻም በጥር ወር አጋማሽ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። በመድፍ ያልፈረሰው ግንብ በውኃ ጥም ተከፈተ። ምኒልክ ወታደሮቹን ከነመሣሪያቸው ወደ ወገናቸው እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ይህን ብዙዎቻችን አልወደድነውም፤ ከነዚያ ወታደሮች ኋላ ዐድዋ ላይ የተሰለፉ ነበሩና። ንጉሡ ግን ሰላም ፈላጊነታቸውን ማሳየት ፈልገው ነበር ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በየካቲት ወር ሁለቱ ጦሮች በዐድዋ ተራሮች መካከል ፊት ለፊት ተፋጥጠው ተቀመጡ። ማን ይቀድማል? ጄኔራል ባራቲየሪ ከምሽጉ አይወጣም፤ ምኒልክም ግንብ ላይ ሰው መፍጀት ከመቀሌ ወዲህ በቃኝ ብለዋል። ውጊያው የሆድ ሆነ። የኛ ሠራዊት ያገኘውን ሁሉ ጨርሶ፣ እህል ፍለጋ በየቀኑ ሩቅ አገር የሚሄድ ሆነ። ጥቂት ቀን ቢቆይ ረሃብ ይበትነው ነበር። ጣሊያኖችም አልተሻሉም። ስንቃቸው ከምጽዋ ወደብ ደጋውን ወጥቶ ነው የሚመጣው፤ ከእነርሱ ጋር የነበሩት የዐጋሜው ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ በየካቲት ከድተው መንገዱን መቁረጥ ጀመሩ። ባራቲየሪ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም ይጎነትለዋል፤ አራቱ ጄኔራሎቹም እንዋጋ አሉ። ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ተነሣ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የሆነውን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ስለ ውኃው ብቻ እንናገር። እቴጌ በሰፈሩ የነበሩትን ሴቶች አሰባሰቡ። ቁጥራቸው ከ10,000 እስከ 12,000 ይደርስ እንደ ነበር ተጽፏል። ሴቶቹ በእንሥራና በቅል ውኃ እየቀዱ ጥይት በሚያፏጭበት ሜዳ ለተዋጊውና ለቁስለኛው አደረሱ። ከንጋት ጀምሮ ባሩድ እየሸተተው በፀሐይ ሲሮጥ የዋለ ሰው ያለ ውኃ ስንት ሰዓት ይቆማል? ከነዚያ ሴቶች የአንዲቷን እንኳ ስም ባነበብናቸው መጻሕፍት አላገኘንም። የመድፈኞቹን ስም ግን በቃላችን እንወጣዋለን።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ ለምን ወደ አሥመራ አልገፉም እየተባለ ይጠየቃል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን እህሉ አልቆ ነበር። ሠራዊቱ ባዶ አቁማዳ ይዞ ተመለሰ፤ ወደ 1,900 የሚጠጉ የጣሊያን ምርኮኞችም መብላት ነበረባቸው። ደግሞ የትግራይ ገበሬ አለ። ከክፉ ቀን ገና ተርፎ ጎተራውን መሙላት ሲጀምር ሁለት ጦር መጣበት፤ የጣሊያኑም የኛም። ስለ ዐድዋ ስናስተምር የዚህን ገበሬ ጎተራ ካልጠራነው ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል ብለን ከመካከላችን ያሉት የትግራይ ልጅ አጥብቀው ተከራክረውናል፤ እኛም ተስማምተናል።

እቴጌ ከዚያ በኋላም ከማድቤት ጉዳይ አልራቁም። በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሚባለውን ሆቴል አቋቋሙ፤ ምግብ በገንዘብ መግዛት ላልለመደ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ ነበር። ምኒልክ ሲታመሙ የመንግሥቱን ሥራ እርሳቸው ያዙ፤ ሹም ሽር አበዙ ተብለውም ብዙ ጠላት አፈሩ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ መክረው ከሥልጣን አወጧቸው። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲሞቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው እንዲቀመጡ ተደረገ። በየካቲት 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ላይ ዐረፉ። መቃብራቸው አዲስ አበባ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን፣ ከባለቤታቸው አጠገብ ነው።