የንግሥት እሌኒ ታሪክና የኢየሩሳሌም ጕዞዋ

የመስቀል በዓል በመጣ ቍጥር የንግሥት እሌኒን ስም እናነሣለን፤ ደመራ በደመርንም ጊዜ ሥራዋን እናስባለን። ነገር ግን ከመክበሯ በፊት ማን እንደ ነበረች፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ከምን ሐዘን በኋላ እንደ ወጣች የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ታሪኳን ባጭሩ እንጽፋለን። የዓመቱ ቍጥር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

እሌኒ የተወለደችው በ250 ዓ.ም. ገደማ ነው። አገሯ በታናሽ እስያ የነበረችው ድሬጳኖን እንደ ኾነች ይነገራል፤ ልጇም በኋላ ከተማዪቱን በእናቱ ስም እሌኖጶሊስ ብሎ ሰይሟታል። ወገኗ ዝቅተኛ ነበረ። የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ በ395 ዓ.ም. እንደ መሰከረው፣ በእንግዳ ማደሪያ ቤት የምታገለግል ሴት ነበረች። ለሮማዊው የጦር አለቃ ለቍንስጣም ቈስጠንጢኖስን ወለደችለት። ኋላ ግን ቍንስጣ እርሷን ትቶ፣ የንጉሠ ነገሥቱን የመክስምያኖስን የእንጀራ ልጅ ቴዎዶራን አገባ። እሌኒም ከክብር ርቃ ብዙ ዘመን ተቀመጠች።

ቈስጠንጢኖስ በ306 ዓ.ም. ነገሠ። እናቱንም አከበራት፤ በ324 ዓ.ም. ገደማ አውግስታ የሚለውን የንግሥትነት ማዕርግ ሰጣት፣ መልኳንም በገንዘብ ላይ አስቀረጸ። ይህ ኹሉ ክብር ግን ከመከራ አላዳናትም። በ326 ዓ.ም. ቈስጠንጢኖስ የበኵር ልጁን ክሪስጶስን አስገደለው፤ ሚስቱ ፋውስታም በዚያው ዓመት ተገደለች። አስገዳዩ ልጇ፣ ሟቹ የልጅ ልጇ ነውና፣ እሌኒ እንባዋን በማን ፊት ታፍስስ? ዕድሜዋ ወደ ሰማንያ ሲቀርብ ወደ ቅድስት ሀገር የተነሣችው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚያን ጊዜ ኢየሩሳሌም ስሟ እንኳ ተለውጦ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያኖስ ከተማዪቱን ኤልያ ብሎ እንደ ገና ሠርቷት፣ የጌታችን መቃብር ያለበት ስፍራ በዐፈር ተደፍኖ፣ በላዩም የጣዖት ቤት ቆሞበት ነበር። ንግሥቲቱ ጭፍራና ወርቅ ነበራት፤ ኾኖም የተቀበረውን ስፍራ የሚያሳያት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ጠየቀች። በአባቶቻችን ትውፊት እንደ ተነገረው፣ ኪራኮስ የሚባል ሽማግሌ መራት፤ በምክሩም እንጨት ደምራ ዕጣን ጨመረችበት፣ ጢሱም ስፍራውን አመለከታት። ቍፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መጋቢት 10 ቀን መስቀሉ ተገኘ። ይህም ከአምስት ወር በላይ ነው።

በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይትም አብያተ ክርስቲያናት አሠራች፤ እስረኞችን አስፈታች፣ ለድኾች መጸወተች። በጸሎትም ጊዜ ያለ ጌጥ ከሕዝቡ ጋራ ትቆም ነበር። ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፣ የኢየሩሳሌምን ደናግል ምሳ ጋብዛ፣ እንደ ገረድ ታጥቃ በእጃቸው ላይ ውሃ አፈሰሰች። በልጅነቷ ከችግር የተነሣ ለእንግዶች ያደረገችውን፣ በእርጅናዋ ወዳ አደረገችው።

በ330 ዓ.ም. ገደማ ልጇ ባለበት ዐረፈች። በጎልጎታ የተሠራው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን የከበረው በ335 ዓ.ም. ነውና፣ ፍጻሜውን አላየችም። በሮም የተቀበረችበት የቀይ ደንጊያ ሣጥን ዛሬ በቫቲካን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ዛሬም ተሳላሚ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደረጃውን ቢወርድ በስሟ የተጠራውን ጸሎት ቤት ያገኛል፤ ከዚያም ዝቅ ቢል መስቀሉ ወደ ተገኘበት ዋሻ ይደርሳል። ከጸሎት ቤቱ ጣራ በላይ ያለው የእኛ ዴር ሡልጣን ነው፤ የጕልላቱም አናት በግቢው መካከል ይታያል። መነኮሳቶቻችን በዚያ በጠባብ ጎጆ፣ በብዙ ችግር ቦታቸውን ጠብቀው ይኖራሉ። ከእኛ ወገን ለመሳለም የሚሄድ ሰው መሪውን አባት በትዕግሥት ይከተል፤ ንግሥቲቱም ተመርታለችና። እነዚያንም አባቶች ሳይጐበኝ፣ ባዶ እጁንም ኾኖ አይለፋቸው።

በረከቷ ከኹላችን ጋራ ይኹን። አሜን።